ምርምር፣ እውነትና እምነት፦ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥራዎች የምንማረው



ከየቁምስናችን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ወጣቶች መኖራቸው እጅግ የሚያስደስት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ደስታው ብቻውን አይመጣም። «ልጃችን ተምሮ ሲመለስ እምነቱን እዚያው ጥሎት ይመጣ ይሆን?» የሚል ሥጋት በብዙ ወላጆች ልብ ውስጥ አለ። ወላጆቹም ይህን ጥያቄ ይዘው የሚሄዱት ብዙውን ጊዜ ወደ ቆሞሱ ሳይሆን በቅርብ ወደሚያገኙት ካቴኪስት ነው። እርሱም ከሁለት አንዱን ሲመልስ ይሰማል። አንዱ «ሳይንስ የሳይንቲስቶች ነው፣ እኛ ግን ጸሎታችንን እንያዝ» የሚል ነው። ሁለተኛው «መመራመር ትዕቢት ነው፣ እግዚአብሔር የሰወረውን መፈለግ ነው» የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ ወጣቱን ብቻውን ይተወዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያርቀዋል። ሁለቱም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደሉም።

ስለ ምርምር በደፈናው ከመናገር ይልቅ አንድ የምናውቀውን ዩኒቨርሲቲ ወስደን በውስጡ ምን ዓይነት ምርምር ሲካሄድ እንደቆየ መመልከት የተሻለ መስሎ ታይቶናል። የመረጥነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ነው። ምክንያቱም ከሁሉም የቆየው እርሱ ከመሆኑም በላይ አጀማመሩ ከቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ሥራ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተቋሙ አጀማመር

ዩኒቨርሲቲ የሚለው ስም ከላቲኑ «ኡኒቨርሲታስ» የመጣ ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን የመምህራንንና የተማሪዎችን አንድ ማኅበር ያመለክት ነበር። በቦሎኛ፣ በፓሪስና በኦክስፎርድ የተነሡት የመጀመሪያዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ያደጉት በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ነው። ስለሆነም ዩኒቨርሲቲ ለቤተ ክርስቲያን ባዕድ ቤት አይደለም።

በአገራችን የመጀመሪያው የከፍተኛ ትምህርት ተቋም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በ1950 ዓ.ም. ሲመሠረት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አደራውን የሰጡት ለካናዳ ኢየሱሳውያን ነበር። የኮሌጁ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሉሲየን ማት የዚሁ ማኅበር ካህን ሲሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ይመሩ ነበር። ኢየሱሳውያኑ የመጡት ለማስተማር እንጂ ለመስበክ አልነበረም፤ ይህንንም ገደብ አክብረው ሠሩ። አንዳንድ ሰዎች «ታዲያ ሳይሰብኩ ምን አተረፉ?» ይላሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄው የተሳሳተ ነው። እውነትን በቅንነት ማስተማር በራሱ አገልግሎት ነው፤ ትርፉም በተጠማቂዎች ቁጥር አይለካም።

ኮሌጁ በ1961 ዓ.ም. ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተዋህዶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ከአብዮቱ በኋላ በ1975 ዓ.ም. የአሁኑን ስሙን ያዘ። የዩኒቨርሲቲው መሪ ቃል በግእዝ የተጻፈ ሲሆን የተወሰደው ከሐዋርያው ከቅዱስ ጳውሎስ የመጀመሪያይቱ የተሰሎንቄ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 21 ነው። ሐዋርያው በዚያ ስፍራ ምዕመናኑ ነገርን ሁሉ እየፈተኑ መልካም ሆኖ የተገኘውን አጽንተው እንዲይዙ ያዝዛቸዋል። ትእዛዙ ሁለት ክፍል እንዳለው ልብ እንበል፤ መመርመር አንዱ ነው፣ መያዝ ደግሞ ሌላው። ሳይመረምር የሚይዝም፣ መርምሮ ምንም የማይዝም ትእዛዙን ከግማሽ አድርሶ ተወው ማለት ነው።

የምድርን መናወጥ የሚቆጥሩ

ከምርምር ዘርፎች ሁሉ አስቀድመን የምድርን ጥናት እንመልከት። በ1957 ዓ.ም. ገደማ የዓለም ሳይንቲስቶች ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ብለው ለሰየሙት የጋራ ጥናት ሲዘጋጁ፣ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ተፈላጊ ስፍራ ሆነች። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። ያቋቋሙትና ለብዙ ዓመታት የመሩት አባ ፒየር ጉዌን የተባሉ ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ። መጀመሪያ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል ይለኩ ነበር፤ ቆየት ብሎም የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመዘግበው ሲስሞግራፍ የተባለው መሣሪያ ተተከለ።

መሣሪያው ግን መመዝገብ የሚችለው ከተተከለበት ቀን ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። አባ ጉዌን ከዚያ በፊት የነበረውን ለማወቅ ሌላ መንገድ ያዙ። የነገሥታትን ዜና መዋዕሎች፣ የመንገደኞችን ማስታወሻዎችና ልዩ ልዩ መዛግብትን እያገላበጡ መሬት የት፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደተናወጠች አንድ በአንድ ለቀሙ። ውጤቱ በ1979 ዓ.ም. የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። አንድ የፊዚክስ ሊቅ የታሪክ ጸሐፊዎችን ብራና እንደ መሣሪያ ተጠቀመበት ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የትምህርት ዘርፎች በየክፍላቸው ቢቀመጡም፣ እውነቱ ሲፈለግ አንዱ የሌላውን ደጅ ማንኳኳቱ አይቀርም።

ይህ ጥናት ለሕዝብ ምን ይጠቅማል? በ1961 ዓ.ም. በካራ ቆሬና በማጀቴ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ቤቶችን አፈራርሷል፤ ማጀቴ ፈጽማ ወድማ ነበር። በ1969 ዓ.ም. በአፋር የምትገኘው ሰርዶ ፈረሰች። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በአፋር ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተከፈተ። በ2024 ዓ.ም. መጨረሻና በ2025 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቀያቸውን ለቀው ወጥተዋል፤ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። በታላቁ ስምጥ ሸለቆ መስመር የምድር ቅርፊት በዓመት በጥቂት ሚሊሜትር እየተላቀቀ ይሄዳል፤ ለብዙ ጊዜ የተከማቸው ውጥረት በድንገት ሲለቀቅ ምድር ትናወጣለች። ሰውን በብዛት የሚገድለው ደግሞ መናወጡ ራሱ ሳይሆን በአግባቡ ያልተሠራ ቤት ነው። የትኛው አካባቢ ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጠ እንደሆነ ማወቅ ለመሐንዲሱ የግድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በእነዚያ ወራት በየስፍራው «ይህ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» የሚል ንግግር ሲሰማ ቆይቷል። ካቴኪስት ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርግ። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ቁጥር 4 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎች ይልቅ በደለኞች ነበሩ የሚለውን አሳብ በግልጽ ነቅፏል። ወደ ንስሐ የጠራውም ሰሚዎቹን እንጂ ሙታኑን አልነበረም። ቤቱ ለፈረሰበት ሰው «ኃጢአትህ ነው» ማለት ሳይንስንም ወንጌልንም መቃወም ነው። ምድር እንዴት እንደምትናወጥ ጂኦፊዚክስ ያስረዳል፤ ቤቱ ለፈረሰበት ወንድማችን ምን እናድርግለት የሚለውን ወንጌል ይነግረናል። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን መልስ አይሻማም።

እንዶድ

እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ትልቅ ምርምር መነሻ ሆኗል። በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ተመለከቱ። ከማጠቢያው ከፍ ብሎ ባለው ውኃ ግን እንዲህ አልነበረም። የቢልሃርዚያ ተሐዋስ ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ ስለሚኖርበት፣ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የበሽታውን መንገድ መቁረጥ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ያንን ወንዝ ተሻግሯል። የሞተ ቀንድ አውጣ ያየም አይታጣም። የተመራማሪው ልዩነት «ከላይ ለምን የለም?» ብሎ መጠየቁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ይህን በዓይን ያዩትን ወደ ላቦራቶሪ ወስደው ፈተኑት። የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድልም አረጋገጡ። በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን ያቋቋሙት እርሳቸው ሲሆኑ ዛሬ ኢንስቲትዩቱ በስማቸው ይጠራል። ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓ.ም. አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 ዓ.ም. ዐረፉ።

ይሁን እንጂ የእንዶድ ታሪክ ሁሉ የድል ታሪክ አይደለም። በድኻ አገር ላቦራቶሪ የተገኘ ውጤት በዓለም መድረክ ተቀባይነት ለማግኘት ብዙ ዓመታት ፈጅቶበታል። ዛሬ በሽታውን ለመከላከል በስፋት የሚሠራበት ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ነው፤ እንዶድ የተጠበቀለትን ያህል አልተስፋፋም። በሌላ በኩል ደግሞ በአሜሪካ የኦሃዮ ክፍለ ግዛት የሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዶድ በታላላቆቹ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድል ባወቁ ጊዜ፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብት በስማቸው አስመዘገቡ። ይህም የእናቶቻችን የቆየ ዕውቀት የማን ነው የሚል ክርክር አስነሣ። የምድር ሀብት ለሰው ልጆች ሁሉ የተሰጠ ነው ብላ የምታስተምረው ቤተ ክርስቲያን በዚህ ክርክር ውስጥ የምትለው አላት። ዕውቀቱን ጠብቀው ያቆዩት የገጠር ሴቶች ከጥቅሙ ተካፋይ መሆን ይገባቸዋል፤ ይህ የምጽዋት ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ ነው።

በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ቁጥር 4 ላይ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደሆነና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ተጽፏል። ስለዚህ እንዶድን የሚመረምር ሰው ፈጣሪ በምድር ውስጥ ያስቀመጠውን እየፈለገ ነው።

ከዚሁ ጋር የዕፅዋትን ጥናት በአጭሩ እናንሳ። በ1959 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊው የዕፅዋት ናሙና ማከማቻ፣ ሄርባሪየም የሚባለው፣ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይገኛል። በ1980 ዓ.ም. በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር መሪነት፣ በስዊድን ከሚገኘው ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የኢትዮጵያን ዕፅዋት ሁሉ መዝግቦ የማውጣት ሥራ ተጀመረ። ሥራው የተፈጸመው በ2009 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት! በዚያ ጊዜ ውስጥ መንግሥት ተለውጧል፣ ኤርትራም ነጻ አገር ሆናለች፤ መጽሐፉም የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ተብሎ በ8 ቅጽ ወጥቷል። ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች ይገኙበታል። ቅጠል አድርቆ፣ ቆጥሮና ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ ለተመልካች አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አዳም በኤደን የተሰጠው የመጀመሪያው የአእምሮ ሥራ ለፍጥረታት ስም ማውጣት እንደነበር መዘንጋት የለብንም።

የብራና መጻሕፍትና የአንድ ሐተታ ክርክር

ምርምር ማለት ነጭ ካፖርት ለብሶ በመስታወት ዕቃ መሥራት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ከዩኒቨርሲቲው ምርምር ሰፊው ክፍል ግን የሚካሄደው በመጻሕፍት መካከል ነው። በ1963 ዓ.ም. በገነተ ልዑል የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዲሬክተሩ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ተቋሙ መጻሕፍትን፣ ብራናዎችንና የባህል ዕቃዎችን አሰባስቦ ይዟል።

በዩኒቨርሲቲው ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 ዓ.ም. በጥይት ቆስለው ሰውነታቸው ከተጎዳ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው፣ በሚኒሶታ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ የቤነዲክቶሳውያን ገዳም ለአሥርተ ዓመታት ሠርተዋል። በ1973 ዓ.ም. በተጀመረው ሥራ ከኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ነበር። ዶክተር ጌታቸው ከእነዚህ ብዙዎቹን አንብበው ዝርዝራቸውን አዘጋጁ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ነው ይህን የሠሩት። በ2021 ዓ.ም. ሲያርፉ ከግእዝ ሊቃውንት ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዱ ነበሩ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ በካቶሊክ ገዳም ውስጥ የጋራ ቅርሳችንን ሲጠብቁ መኖራቸው፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናት አንድነት ከሚደረጉ ብዙ ንግግሮች ይልቅ ይናገራል።

በጽሑፍ ምርምር ውስጥ ግን እንደ ላቦራቶሪ ፈጥኖ የሚለይለት ነገር ጥቂት ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። መጽሐፉ ራሱ እንደሚተርከው ዘርዓ ያዕቆብ በአክሱም አካባቢ የተወለደ ሲሆን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክ እምነት በመንግሥት ኃይል ሲጫን ሸሽቶ በዋሻ ተቀመጠ። በዚያም በአእምሮው ብርሃን እውነትን መፈለግ ጀመረ። በሁለቱም ወገን ያሉትን ክርስቲያኖች አይምርም፤ እኛንም ጭምር።

የመጽሐፉ ቅጂ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በተባሉ የካፑቺን ሚስዮናዊ አማካይነት ወደ ፈረንሳዊው ሊቅ ወደ አንቷን ዳባዲ ደረሰ። በ1920 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ፣ መጽሐፉን የደረሱት ራሳቸው ሚስዮናዊው ናቸው፣ ዘርዓ ያዕቆብ የሚባል ፈላስፋም አልነበረም የሚል ክርክር አነሡ። በ1934 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ይህንኑ አሳብ አጠናከሩ። ነገሩ ያለቀለት በመሰለበት ጊዜ በዩኒቨርሲቲው የፍልስፍና መምህር የነበሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ክሎድ ሳምነር ጉዳዩን እንደገና አነሡት። ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ በ5 ቅጽ ባሳተሙት የኢትዮጵያ ፍልስፍና ጥናታቸው የሐተታውን ቋንቋና አሳብ ከሚስዮናዊው ሌሎች ጽሑፎች ጋር እያነጻጸሩ፣ መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ሥራ እንደሆነ ተከራከሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሐተታው የኢየሱሳውያንን ሥራ በብርቱ የሚነቅፍ ነው። አንድ ኢየሱሳዊ «ይህን የጻፈው ኢትዮጵያዊ አይደለም፣ አንድ አውሮፓዊ ያቀነባበረው ነው» ቢል ለማኅበሩ ስም ይመች ነበር። አባ ሳምነር ግን ማስረጃው ወደ መራቸው ሄዱ። ክርክሩ ከእርሳቸው በኋላም አልተዘጋም። በቅርብ ዓመታት እንደገና የሚስዮናዊው ድርሰት ነው ያሉ ተመራማሪዎች አሉ። ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ በበኩላቸው ቀድሞ የነበራቸውን ጥርጣሬ ትተው የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ወደሚለው አሳብ ዞረዋል። ሊቅ በሽምግልናው አሳቡን ሲለውጥ ማየት ለወጣት ተመራማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

እንግዲህ የምርምር ዘርፎች የሚለያዩት በሚያጠኑት ነገር ብቻ ሳይሆን በማስረጃቸውም ዓይነት ነው። ሲስሞግራፍ ይመዘግባል፤ ላቦራቶሪ ደጋግሞ ይፈትናል፤ የጽሑፍ ሊቅ ግን ምስክሮችን አመዛዝኖ ይፈርዳል። ወጣቶች «ሳይንስ አረጋግጧል» ሲሉን «የትኛው ሳይንስ? በምን ዓይነት ማስረጃ?» ብለን በትሕትና መጠየቅ ይገባናል። ጥያቄው የማፈር ሳይሆን የማክበር ጥያቄ ነው፤ እውነተኛ ተመራማሪ ይህ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ቤት ለቤት የሚመጣው ጠያቂ

ምዕመናን በቅርብ የሚያውቁት ምርምር ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ መዝገብ ይዞ ደጃቸው ድረስ የሚመጣው ነው። በ1986 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ፋኩልቲ በስዊድን ከሚገኘው ከኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር የቡታጅራን የገጠር ጤና ጥናት ጀመረ። ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው፣ መረጃ ሰብሳቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያሉ ለዓመታት መዘገቡ። በአገራችን የብዙ ሰው ልደትም ሞትም በመንግሥት መዝገብ ሳይገባ ያልፍ ስለነበር፣ ሕፃናት በስንት ዓመታቸውና በምን ምክንያት እንደሚሞቱ ማወቅ የሚቻለው እንዲህ ባለ ትዕግሥት ብቻ ነበር። ስለ አእምሮ ሕመም በአገራችን ከተደረጉት ጥናቶች ታላላቆቹም የተካሄዱት በዚያው አካባቢ ነው። በጠበል ደጅ ታስሮ የሚቆይ ሕመምተኛ ስንት እንደሆነ፣ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚሻ ማወቅ የእረኝነትም ጉዳይ ነው።

ካቴኪስቶች እንዲህ ያለ ጠያቂ ወደ መንደራቸው ሲመጣ ሕዝቡ «እንመልስ ወይስ አንመልስ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። መልሱ «ግድ መልሱ» ወይም «እምቢ በሉ» መሆን የለበትም። ሰውየው ከየትኛው ተቋም እንደመጣ፣ የፈቃድ ደብዳቤ እንዳለው፣ ጥናቱ ለምን እንደሚደረግና ስማቸው በምሥጢር መያዙን ጠይቀው እንዲረዱ፣ ከዚያም በነጻ ፈቃዳቸው እንዲወስኑ ማገዝ ነው። ሰው በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ በመሆኑ ሳያውቅና ሳይፈቅድ የምርምር መሣሪያ ሊሆን አይገባውም። ድኻና ያልተማረ ሰው «እምቢ ብል እርዳታ ይቀርብኛል» ብሎ በፍርሃት «እሺ» ቢል ያ ፈቃድ አይባልም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቁምስናችን መዛግብት አንድ ነገር ልጨምር። የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና በቁጥር 535፣ የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ደግሞ በቁጥር 296 የጥምቀት፣ የጋብቻና የሞት መዛግብት በጥንቃቄ እንዲጠበቁ ያዝዛሉ። እነዚህ መዛግብት ለምሥጢራት አገልግሎት የተዘጋጁ ቢሆኑም ለታሪክ ተመራማሪ የማይገኝ ሀብት ናቸው። አይጥ የበላው መዝገብ ግን ለምሥጢርም ለታሪክም አይሆንም።

በ1978 ዓ.ም. የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ተማሪዎች ስለ ትውልድ ቀያቸው የሚጽፉት የመመረቂያ ጽሑፍ በዝቷል፤ ስለ ገበያ፣ ስለ እድር፣ ስለ ዕርቅ ሥርዓት፣ ስለ ሚስዮን ትምህርት ቤቶች። ሽማግሌዎቻችን ሰዓታት ሙሉ ተቀምጠው ይነግሯቸዋል። ጽሑፉ ግን ከተመረቁ በኋላ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ለሽማግሌዎቹ ተመልሶ የሚነገርበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ይህ መታረም ያለበት ልማድ ነው። የቁምስናችን ልጆች ቢሆኑ ቢያንስ አንድ ቅጂ አምጥተው በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ቢያስረዱ መልካም ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምራለች?

2ኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. ባወጣው፣ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ስላላት ስፍራ በሚናገረው ሰነድ ቁጥር 36 ላይ፣ ፍጥረታት የራሳቸው ሥርዓትና ሕግ እንዳላቸው፣ በትክክለኛ ዘዴና የግብረ ገብን ሕግ ጠብቆ የሚደረግ ምርምርም ከእምነት ጋር በእውነት ሊጋጭ እንደማይችል አስተምሯል፤ ሁለቱም ከአንዱ አምላክ የመጡ ናቸውና። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1990 ዓ.ም. ስለ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በ1998 ዓ.ም. ስለ እምነትና ስለ አእምሮ በጻፏቸው መልእክቶች ይህንኑ አስፍተው አስረድተዋል። ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ ይህን በተግባር ጠብቃለች ማለት ግን አይቻልም። በጋሊልዮ ላይ የተፈረደበትን ፍርድ በተመለከተ፣ እኚሁ አባት በ1992 ዓ.ም. በዘመኑ የነበሩት የነገረ መለኮት ሊቃውንት መሳሳታቸውን በግልጽ ተናግረዋል።

ወጣቶች ከሁሉ አብልጠው የሚያነሡት ግን የሰውን አመጣጥ ነው፤ በተለይ በአገራችን። በ1974 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችውንና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችውን ድንቅነሽን ያላወቀ ተማሪ የለም። «ድንቅነሽ ካለች አዳም የት አለ?» ይላሉ። ፒዮስ 12ኛ በ1950 ዓ.ም. የሰው አካል ቀድሞ ከነበረ ሕያው ፍጥረት የመምጣቱን አሳብ ሊቃውንት እንዲመረምሩት ፈቅደዋል፤ ነፍስ ግን በቀጥታ በእግዚአብሔር የምትፈጠር መሆኗን አጽንተዋል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1996 ዓ.ም. ለጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ በላኩት መልእክት ይህ አሳብ ከመላ ምት በላይ መሆኑን ተቀብለዋል። መጽሐፈ ኦሪት ዘፍጥረት የአጥንትን ዕድሜ ሊነግረን አልተጻፈም፤ ማን እንደፈጠረንና ለምን እንደፈጠረን ሊነግረን ነው። ካቴኪስት ይህን ልዩነት ካላወቀ፣ ልጁን ከሙዚየሙና ከመጽሐፍ ቅዱስ አንዱን እንዲመርጥ ያስገድደዋል። ልጁም በዓይኑ ያየውን ይመርጣል። የጠፋው እምነት ታዲያ በሳይንስ ሳይሆን በእኛ ደካማ መልስ ነው የጠፋው።

ምርምር ወሰን የለውም ማለት ግን አይደለም። ማድረግ የሚቻል ሁሉ ሊደረግ ይገባል ማለት አይቻልም። ቤተ ክርስቲያን በ1987 ዓ.ም. እና በ2008 ዓ.ም. ባወጣቻቸው መመሪያዎች የሰው ሽል እንደ ጥሬ ዕቃ ሊታይ እንደማይገባው አስተምራለች። የሕክምና ተማሪዎቻችን ይህን ትምህርት ተመርቀው ሳይሆን ገና በትምህርት ላይ ሳሉ ሊያውቁት ያስፈልጋል።

ለቡድን ውይይት

በቁምስናችሁ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ድርቅ ወይም ወረርሽኝ ሲደርስ ሕዝቡ ምን ይላል? ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ቁጥር 1 እስከ 5 ያለውን አንብባችሁ ከምትሰሙት ጋር አነጻጽሩ። በአካባቢያችሁ እናቶችና ሽማግሌዎች የሚያውቁት፣ እስካሁን ማንም ያልጻፈው የመድኃኒት፣ የእርሻ ወይም የዕርቅ ዕውቀት አለ? ማን ቢጽፈው፣ ማንስ ቢጠቀምበት ትወዳላችሁ? ከቁምስናችሁ በዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶች ስንት ናቸው? ለዕረፍት ሲመጡ ምን እንደሚያጠኑ የጠየቃቸው አለ? በመጪው ክረምት አንዱን ጋብዛችሁ ስለሚያጠናው ነገር ለአንድ ሰዓት እንዲያስረዳችሁ አድርጉ፤ ያልገባችሁንም ሳታፍሩ ጠይቁት።